ሁለተኛው መርዶ

እናቴ የወንድሜን የደምመላሽን ፍራሽ ደጅ አውጥታ በዱላ ትደበድባለች። አቧራው ነጭ ቀሚሷ ላይ ይራገፋል፤ ግድ የላትም። ሁለት ዓመት ከላይዋ ያልወረደው ጥቁር ልብስ አጥሩ ሥር ተጥሏል።

«መጣሽ?» ትለኛለች ዱላውን ሳታስቀምጥ። «ብቻሽን ነሽ? እሱስ?»

ከደብረ ብርሃን እስከ እነዋሪ ሚኒባስ ውስጥ ሳጠናው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ይጠፋብኛል። ትናንት ጎረቤታችን ናት የደወለችልኝ። «እናትሽ ከሏን አወለቀች፤ ልጄን በፊልም አየሁት፣ በሕይወት አለ ትላለች» አለችኝ። ወንድሜ ከጀማ ወንዝ ማዶ ለፊልም ቀረጻ ሲሄድ ነበር የተሳፈረበትን መኪና ደራሽ ውኃ የወሰደው። የሌሎቹ ሬሳ ተገኘ፣ የእሱ አልተገኘም። ልብሱን ይዘን አለቀስን።

ያኔ ሽማግሌዎች አስከትለው ገና ሳይነጋ መርዶውን የነገሯት አቶ ገብረ ጻድቅ ነበሩ። ለእሳቸውም ደወልኩ። «አንዴ ነግሬያታለሁ ልጄ፤ ሁለተኛ አቅም የለኝም» አሉኝ። ደግሞ ገበያ ቀን ነው፣ ሰፈሩ ጭር ብሏል። በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም አንድ ሰው ብቻውን መርዶ ሲናገር አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

«እማዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። ይልቅ አንቺ ንገሪኝ።» ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ ታወጣና ፊልሙን ትከፍታለች። ወንድሜ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መንገድ ለመንገድ ይሄዳል። «ይኼ መንገድ የት ነው?»

ስልኩ ላይ ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

«ያንቺ ደጅ ነው! አምና ለጥምቀት ደብረ ብርሃን አንቺ ዘንድ ስመጣ ገና ይቆፍሩት ነበር። ቁፋሮው ውስጥ ወድቄ አንቺ አይደለሽም ያነሣሽኝ? አሁን አስፋልት ሆኗል። ሁለት ዓመቱ ነው ብላችሁ ያስለቀሳችሁኝ ልጅ፣ ትናንት በተነጠፈ አስፋልት ላይ እንዴት ይሄዳል? ደጅሽ ላይ ሲሄድ አላየሁትም ልትይኝ ነው? ደብቀሽው ነው፣ መስከረም።»

ፊደል ያልቆጠረች እናቴ እንዲህ ስትሟገት ዳኛም አይመልስላትም። እኔም መልስ ያለኝ እኔው ራሴ ጥፋተኛ ስለሆንኩ ብቻ ነው።

«ያ ልጅ ደምመላሽ አይደለም» እላታለሁ። «ፊልሙን የጀመረው እሱ ነው፤ ሳይጨርሰው ሞተ። የቀረውን ዘንድሮ እኔ ደጅ ላይ ሌላ ልጅ ሠራው። በዚያ ልጅ ፊት ላይ የደምመላሽን ፊት በኮምፒውተር አደረጉበት።»

«የሰው ፊት እንዴት ይደረጋል? ጭንብል ነው?»

«እንደ ጭንብል በይው።»

«ማን ፈቀደ?»

«እኔ። ፈረምኩላቸው።»

መታሰቢያ ይሆነዋል ነበር ያሉኝ። እኔ ግን ለመታሰቢያ ብዬ አልፈረምኩም። አንዴ ብቻ ሲራመድ ላየው ፈልጌ ነው፤ ናፍቆኝ ነው። ፎቶዎቹን፣ በቴሌግራም የላከልኝን ድምፅ ሳይቀር፣ ያለኝን ሁሉ አስረከብኳቸው። እሷም ታየዋለች ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም። ያሰብኩት ለራሴ ብቻ ነበር።

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ፍራሹ ላይ ቁጭ ትላለች።

«እኔ እኮ ተቀይሞኝ የተደበቀ መስሎኝ ነበር» ትላለች ቀስ ብላ። «የዚያን ቀን ጠዋት እርሻው ሊጠፋ ነው ብዬ ተቆጣሁት። ‹ፊልም ደግሞ ሥራ ነው? ሂድ፣ በዚያው ቅር!› አልኩት። ቀረ። ላንቺ አልነገርኩሽም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እየደወልኩ «እንዴት ነሽ?» ስላት «ደኅና ነኝ» ስትለኝ ኖራለች። አንድም ቀን አልጠረጠርኩም።

ፊልሙን በጣቷ ወደፊት ትገፋና አንድ ቦታ ላይ ታቆመዋለች። ቦታውን ሸምድዳዋለች። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ አንዲት አሮጊት ተዋናይን ያያል። «እናቴ፣ እኔ አልተቀየምኩሽም» ይላታል።

«ፊቱ የሱ አይደለም አልሽ፤ ይሁን። ቃሉስ? ይኼም የሌላ ነው?»

ቃሉን የጻፈው አንድ የማላውቀው ሰው ነው። የተናገረው ማሽን ነው፤ እኔ ከሰጠኋቸው ድምፅ ላይ ለቃቅመው የገጣጠሙት ነው። ወንድሜ እንዲህ ብሎ አያውቅም። እናቴ ዓይኗን ከአፌ ላይ አታነሣም።

«ቃሉ የራሱ ነው» እላለሁ። «በሕይወት እያለ የቀዱት ነው።»

«ደምመላሽ ይሙት በይ—»

አፏን በእጇ ትይዛለች። ዕድሜ ልኳን ስታስምለን የኖረችው በዚህ ነው፤ ልማድ ሆኖባት ወጣ። ስሙን ስትጠራ የሞተ ልጅ መሆኑ የገባት ያን ጊዜ ነው። ትከሻዋ ይወርዳል። የመጣሁበትን መርዶ ከእኔ አፍ አልተቀበለችውም፤ ራሷ ተናገረችው።

«መድኃኔዓለምን፣ የራሱ ነው» እላለሁ። በሐሰት ስምል የመጀመሪያዬ ነው።

ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች። አምናኝ ይሁን ወይስ ልታምነኝ ፈልጋ አላውቅም። ከዚያ ስልኩን ትሰጠኛለች። «ያንን ፊት ማየት አልፈልግም» ትላለች። «ድምፁን ብቻ አሰሚኝ።»

ስክሪኑን ወደ መዳፌ ገልብጬ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋለሁ። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ድምፁ ሲያልቅ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትለው አይሰማኝም።

«ድገሚልኝ» ትለኛለች።

እደግምላታለሁ።