ምራቁን የዋጠ ሞተር

ገመዱን ለአራተኛ ጊዜ ትስባለች። የጀልባው ሞተር ሁለቴ አስሎ ይነሳል፤ ለሙከራ በተሰቀለበት በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ውስጥ ውሃው ይናጣል፣ ግቢው በጭስ ይታፈናል። ጎንበስ ብላ ከሞተሩ ጎን ያለችውን፣ ከሽምብራ የማትበልጥ ቀዳዳ ታያለች። ደረቅ ናት።

«ተፋ?» ይላሉ አባቷ፣ የተገለበጠው ጀልባቸው ሆድ ላይ እንደተቀመጡ።

«አልተፋም።»

በዚህ ቤት እንዲህ ነው የሚባለው። ሞተሩ ከታች ውሃ ስቦ ሆዱን ካቀዘቀዘ በኋላ፣ በዚያች ቀዳዳ በኩል ቀጭን ክር አድርጎ ይተፋል። አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያሻግሩ አንድ ዓይናቸው ከዚያች ክር ተነቅሎ አያውቅም። ልጅ ሳለች ያስተማሯት የመጀመሪያው ትምህርትም ይኸው ነበር፦ «ሰው ምራቁን ሲውጥ በሰለ ይባላል። ሞተር ምራቁን ከዋጠ ግን እውነትም ይበስላል።»

ይህኛው ከዋጠ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

እሷ የመጣችው ለአንድ ሳምንት ነበር። ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ስለ ማሽን ተምራ፣ እዚያው ሥራ ይዛ ሳለ፣ የአባቷ ሞተር መሃል ሐይቅ ላይ ቀጥ ብሎ እሳቸው በሰው ጀልባ ተጎትተው መመለሳቸውን ሰማች። በመጣች በሁለተኛው ቀን ቆሻሻ የዘጋውን የነዳጅ ማጣሪያ አጠበችው፤ ሞተሩ እንደ በግ ገራም ሆነ። ያን ዕለት ራት ላይ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ደህና ካልሆነ ንቅንቅ እንደማትል ለአባቷ ነገረቻቸው። በማግስቱ መትፋት አቆመ።

የውሃ ፓምፑን ፈታች። የጎማ ክንፉን በአዲስ ቀየረች። በሙቀት የሚከፈተውን የውሃ በር፣ ቴርሞስታቱን፣ ከፈላ ውሃ ውስጥ ከትታ ሲከፈት አየች፣ አላመነችውም፣ ደግማ ከተተችው። አባቷ በየቀኑ ከጎኗ ቁጭ ብለው የምትፈታውን ብሎን በጣሳ ክዳን ላይ በተራ ይደረድሩላታል። ስትጣደፍ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይሏታል። የሞተሩን መጽሐፍ ስታገላብጥ ደግሞ፣ ሞተሩ ማንበብ ስለማይችል ጮክ ብላ እንድታነብለት ይመክሯታል። ቀዳዳዋን ልትፈትሽ ስትነሳ ግን መትፋት ባቆመበት በመጀመሪያው ቀን «እሷን እኔ አይቻታለሁ፣ ንጹሕ ናት» ብለዋት ነበር። ሁሉን የምትጠራጠር ልጅ ያን ቃል ብቻ አልተጠራጠረችም።

አሁን መዳፏን ሞተሩ ራስ ላይ ታሳርፋለች። ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ውሃ ካልዞረ ማቃጠል ነበረበት። ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ መዳፏን ትጠራጠራለች።

ታጠፋዋለች። ግቢው ጭር ይላል። ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ አለቃዋ የጻፉላት ደብዳቤ አለ፦ እስከ ነገ መልስ ካልሰጠች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። በርሜሉን ተደግፋ መሬት ላይ ትቀመጣለች።

«አባባ፣ አልመለስም ብዬ ነገ እጽፍላቸዋለሁ።»

አባቷ ቀና ይላሉ። ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር ብልጭ ሊል ይጀምራል።

«እዚህ መኖር ፈልጌ እንዳይመስልዎት» ትላለች፣ በዘይት የጠቆሩ ጣቶቿን እያየች። «ሰባት ዓመት ተምሬ አንድ አሮጌ ሞተር ማስተፋት አቃተኝ። ለዚያም ሥራ አልሆንም፤ ምናልባት ድሮም አልሆንም ነበር።»

ብልጭታው ሳይሞላ ይጠፋል። አባቷ አንዲት ብሎን ያነሳሉ፣ ተራዋ ወደነበረችበት ይመልሷታል። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ይነሳሉ፣ ከደረት ኪሳቸው ቀጭን ሽቦ ያወጣሉ። ዓይናቸው እሷ ላይ ነው፤ እጃቸው ግን ቀዳዳዋን ሳይፈልግ ያገኛታል። ሽቦውን ወጋ፣ ጠምዘዝ፣ ሳብ። አንዲት ትንሽ ነገር እግሯ ሥር ትወድቃለች።

«ተርብ ነው» ይላሉ። «ሙቀት ይወዳል። አስነሺው እስቲ።»

ትነሳለች፣ ገመዱን ትስባለች። በአንዴ ይነሳል። ቀዳዳዋ አንዴ ትታነቃለች፣ ሁለቴ ትታነቃለች፣ ከዚያ ንጹሕ የውሃ ክር ተወርውሮ የአባቷን ሱሪ ከጉልበት በታች ያርሰዋል። ከቦታቸው አይነቃነቁም።

ጎንበስ ብላ የወደቀችውን ነገር ታነሳለች። እንጨት ናት፤ ዙሪያዋን ተቀርጻ፣ ጫፏ ሾል ተደርጎ። በአንድ ጎኗ የአባቷ ጀልባ መቅዘፊያ የተቀባው ቀይ ቀለም አለ። ተርብ ጭቃ ያቦካ እንደሆን እንጂ ቢላዋ አይይዝም።

«አባባ።»

«አቤት» ይላሉ፣ ሳይዞሩ። ከዚያ ብሎኖቹን መሰብሰብ ይጀምራሉ፤ ድምፃቸውን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርገው፦ «በሽታው ማጣሪያው ነበር። በሁለተኛው ቀን አድነሽዋል። እንዳትጠራጠሪ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተርብ ሥራ ነው። ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

እንጨቷን በጣቶቿ መሃል ታሽከረክራታለች።

«ተርቡ ተመልሶ ቢመጣስ?»

አባቷ እጃቸው ጣሳው ላይ ይቆማል።

«ይመጣል» ይላሉ። «ቤቱን የሠራበትን አይረሳም።»

መልስ አላት። እንዲያውም ብዙ አላት፤ ከሰባት ዓመት በፊት የጀመሩ፣ አሁን አንድ ላይ ምላሷ ጫፍ የደረሱ። የአባቷን ጀርባ ታያለች፣ የረጠበውን ሱሪ ታያለች። እንጨቷን ስልኳ ካለበት ኪስ ትከታታለች።

ሞተሩ መትፋቱን ይቀጥላል። እሷ ምራቋን ትውጣለች።