ስምንተኛዋ ትምህርት ቤት

የትምህርት ተቆጣጣሪው ይሻው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት ትምህርት ቤት መዝኖ ሰባቱንም ጥሏል። ስምንተኛዋ ከአንበሳሜ በላይ፣ መኪና የማይወጣው ዳገት ጫፍ ላይ ያለችው ናት። ዳገቱን ሲወጣ ከድካሙ ይልቅ ያየው ውሸት አስመርሮት ነበር። ውሸት ሲበዛ እንደ ከረመ ጠላ ያቅለሸልሻል።

ምን ያላየው ነገር አለ? አንዱ ትምህርት ቤት ያሳየውን ሉል በማግስቱ ሌላው ዘንድ አገኘው፤ አፍሪካ ላይ ያለችው ስንጥቅ እንኳ ሳትቀር። አንዱ የስምንተኛ ክፍል ጎረምሶችን አራተኛ ክፍል ደርድሮ ቆየው። ጢማቸውን እንኳ አላስላጫቸውም። ሌላው በግ አርዶ ጠበቀው። ያንገሸግሻል! ማስተማር ላይ የሰነፈ ሁሉ ማስመሰል ላይ ሲሆን የሚቀድመው የለም።

ከሁሉ የባሰው ንባቡ ነበር። ለአራተኛ ክፍል የሚቀርበው ምንባብ አንድ ነው፤ ስለ ንብ የሚያወራ ግማሽ ገጽ። ይሻው ገና ከደብረ ታቦር ሳይነሳ ምንባቡ በቴሌግራም አገር ምድሩን አዳርሷል። ልጆቹ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል።

ስለዚህ የራሱን ዘዴ ፈጠረ፤ ለማንም አይናገራትም። ወረቀቱን ራሱ ይዞ ልጁን ያስነብባል፤ ከዚያ ድንገት ይዘቀዝቀዋል። የእውነት የሚያነብ ልጅ ግራ ገብቶት ያቆማል። የሸመደደው ግን ምን ቸገረው፣ ይቀጥላል። በሰባቱም ትምህርት ቤት የሚቀጥል አልጠፋም። አንድ ከተገኘ ለይሻው ይበቃዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ይላል ሁልጊዜ።

እዚህ ርዕሰ መምህሯም የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋም አንድ ሴት ናት፤ ማሬ ትባላለች። በር ላይ ተቀበለችው።

«ዘንድሮም ዝቅተኛውን፣ ደረጃ አንድን፣ ከሰጡን ሦስተኛችን ነው ጋሼ፤ ይዘጉታል» አለችው ገና አረፍ ሳይል። «ልጆቹ ወንዝ ተሻግረው የሁለት ሰዓት መንገድ ሊሄዱ ነው። ወንዶቹስ ይሄዱ ይሆናል። ሴቶቹን ግን ወላጅ አይሰድም። ይድሯቸዋል።»

«ልጆቹ ካነበቡ ማን ይዘጋዋል?» አለ ይሻው። ሰባቱም በር ላይ እንዲሁ አልቅሰውበታል።

ቅጹን አውጥቶ ዞረ። ሽንት ቤቱ በር የለውም። ጣራው ያፈሳል። መጽሐፍ ለአራት ልጅ አንድ ነው፤ መሬት ላይ ዘርግተው ዙሪያውን ይከቡታል። ወንበር አይበቃም። እንዲያውም አንዲት ልጅ ከመጽሐፉ ራስጌ፣ ጀርባዋን ለጥቁር ሰሌዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። «ሥርዓት የለም» ብሎ ጻፈ።

እሷኑ አስነሳት። እየሩስ ትባላለች፤ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ማሬን ከክፍሉ አስወጣና ወረቀቱን ፊቷ ያዘላት።

ልጅቱ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘመም አድርጋ አየችው። «ን…ቦች… በቀ…ፎ…» እያለች ተንቀረፈፈች። በየቃሉ ትደናቀፋለች። ይሻው ሁለት መስመር ታገሠና ወረቀቱን ዘቀዘቀው።

እየሩስ ትንፋሽ ሳትወስድ እስከ መጨረሻው አንበለበለችው።

ስታየው የምትደናቀፍ፣ ሳታየው የምታንበለብል! እጅ ከፍንጅ ማለት ይኸው ነው። በልጅቱ አልተናደደም። የተጸየፈው የአሥር ዓመት ልጅ አፍ ላይ ውሸት ያኖረችውን ማሬን ነው። አስጠራት።

«አስሸምድደሻቸዋል።»

«ኧረ በማርያም! ወረቀቱን እኔ ራሴ ገና አላየሁት። ሌላ ያስነብቧቸው ጋሼ፣ የፈለጉትን።»

«ሌላውንስ አለመሸምደዳቸውን በምን አውቃለሁ? ሰባት ትምህርት ቤት በማርያም ምሎልኛል።»

«ልጆቹ ያነባሉ። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው፤ አውቃለሁ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይሻው ፊቱን አዞረ። ሉል ከተዋሱ እንባም አያቅታቸውም።

ብቻውን ቢሮ ገብቶ ሪፖርቱን በእጁ ጻፈ። በወፍራም ቀለም፣ በትልልቁ ጻፈ፤ ምንም አልቆጠበላቸውም። ከታች «ደረጃ አንድ» አለና ፈረመ። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወደ አለቆቹ ላከው። ስልኩ ጢው ብሎ መድረሱን ነገረው። ወረቀቱን ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ቀለሙ እስኪደርቅ ተቀመጠ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለው።

ቀና ሲል እየሩስ ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ማሬ የላከችለትን ውሃ በጣሳ ይዛ መጥታ ነው።

«አስቀምጪውና ሂጂ» አላት።

ጣሳውን አስቀመጠች፤ አልሄደችም። እዚያው ማዶ እንደቆመች ጣቷን ለእሷ በተዘቀዘቀው፣ ባልደረቀው ቀለም ሥር እያስኬደች፣ አንድ ፊደል ሳትስት፣ «የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ማንበብ ቀርቶ ፊደል እንኳ አይለዩም» ብላ አንበለበለችና፣ «ጋሼ፣ እኔንም ነው?» አለችው።