ከሰዓት ሠሪው ጎን ያለችው ወንበር

በፊልም፣ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ትምህርት ክፍል ውስጥ «ዳይሬክተሩ» የሚባል ተማሪ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ሌሎቹም ተቀብለው ይጠሩታል፤ ሲጠሩት ለምን እንደሚስቁ ግን ጠይቆ አያውቅም።

አንድ ፊልም እንኳ ባይሠራም የዳይሬክተር ነገር ሁሉ ተሟልቶለታል፤ ኮፍያው፣ ሻርፑ፣ አገጭ ይዞ ራቅ ብሎ ማየቱ። የጎደለው ዕውቀት ብቻ ነበር፤ ይህንንም ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የካሜራ አያያዝ የተሰጠበትን ሳምንት ቤቱ ቀርቶ መስታወት ፊት «ጀምር!» እያለ ድምፁን ሲያጎረንን ነበር ያሳለፈው።

አምና የመመረቂያ ፊልሙ ወደቀ። ዘንድሮ ከደገመው ሦስተኛ ዕድል የለም። አባቱ ሰዓት ሠሪ ናቸው። በጠባቧ ሱቃቸው ውስጥ ከእሳቸው ወንበር ጎን አንዲት ባዶ ወንበር አለች። «ካልሆነልህ እዚህ ትቀመጣለህ» ብለውታል። ከዚያ ወዲህ ያቺ ወንበር በሕልሙ ሁሉ እየመጣች እንቅልፍ ነሳችው።

ስለዚህ ብልጠት መጣለት፤ አባቱን ራሳቸውን ሊቀርጽ ወሰነ። ርዕሱን «የሰዓት ፍልስፍና» አለው። ሦስት ገጽ ንግግር ጽፎ በቃላቸው እንዲያጠኑት ሰጣቸው።

ካሜራውን ከትምህርት ክፍሉ ተውሶ ሱቁ ጥግ ላይ ተከለው። ቁልፉን ሲጫን ቀይ መብራት በራች።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለ፤ ሄዶም የአባቱን ኮሌታ አስተካከለ። «አባዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ። አይ፣ አሁን በጣም ሄድክ።»

ጠረጴዛውን ወለወለ። ወረንጦውን አነሳ፤ መልሶ እዚያው አስቀመጠው። አቀማመጥ ሊያሳያቸው ባዶዋ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ሲቀመጥ ተንሸራቶ ለመውደቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ ቁልፉን ደግሞ ተጫነ። መብራቷ ስትጠፋ «ጀምር!» ብሎ ጮኸ።

አባቱ እንደ ሐውልት ደርቀው ስለ ጊዜ ምንነት ተናገሩ። ሲጨርሱ ቁልፉን ተጫነው።

«ስትበራ እረፍት፣ ስትጠፋ ሥራ» አሉ አባቱ ወደ መብራቷ እያዩ። «የትራፊኩ መብራት ዓይነት ነው በለኛ።»

«እንደዚያ ያዘው፣ አባዬ።»

ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ዋሉ። በመጨረሻው ቀን፣ በአንዱ እረፍት ላይ፣ አባቱ አጉሊ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ወንበሯን ያስቀመጥኳት መውደቅህን ፈልጌ እንዳይመስልህ» አሉት። «ዓይኔ እየደከመ ነው። ትንሽ ብሎን ስታመልጠኝ ወለሉ ላይ በእጄ ነው የምዳብሰው። አጠገቤ ብትሆን ደስ ይለኛል። ግን እኔን ደስ ይበለኝ ብዬ አልይዝህም።»

ዳይሬክተሩ ወደ አባቱ አንድ እርምጃ ቀረበ። አባቱን ሊያቅፋቸው ፈልጎ ነበር፤ እጁ ግን ኮፍያውን አስተካከለ።

«አባዬ፣ ይኼን ሳይሆን የተጻፈልህን» አለና ቁልፉን ተጫነ።

በትምህርት ክፍሉ ደንብ የቀረጸ ሰው ኤዲት አያደርግም። ሥራው በዕጣ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል፤ ዳይሬክተሩም ፊልሙን የሚያየው ከፈታኞቹ ጋር ነው፤ እስከዚያ ስለ ፊልሙ ማውራት ክልክል ነው። ዕጣው ለመቀስ ደረሰ። መቀስ የሚሏት ስትቆርጥ ስለማትራራ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ደግሞ ዳይሬክተሩ ቀኑን ሙሉ የካሜራ ማቆሚያውን ትራይፖድ አሸክሟት ያውቃል። ዕድሉ እንደዚህ ነው።

ፊልሙ የተቀረጸበትን ካርድ በተረከበች ማግስት ኮሪደር ላይ አስቆመችው።

«ይኼ ብቻ ነው? ሌላ ካርድ የለህም?»

«አንድም አላስቀረሁም። ሁሉም እሱ ላይ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምነው፣ ጥልቀቱ ከበደሽ?»

መቀስ ትክ ብላ አየችው። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ደንቡ ትዝ አላት መሰል መልሳ ዘጋችውና ወደ ኤዲቲንግ ክፍል ገባች። ወዲያው ሳቋ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ትስቃለች። ነገሩ ገባው። የትራይፖዱን ቂም እየተወጣች ነው። የአባቱን ንግግር ቆራርጣ መሳለቂያ ልታደርገው ነው። ለፈተናው ቀን የጠራቸውን አባቱን «ይቅርብህ፣ አትምጣ» አላቸው።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ሲጨልም መቀመጥ አቃተው። ወጥቶ በሩ ላይ ተለጠፈ።

ገና ከመጀመሩ ሳቅ ተሰማ። በፍልስፍና ላይ ሳቅ! እየቆየ ጭራሽ ባሰ፤ አንዱ እየሳቀ ያስለዋል። መጨረሻው አካባቢ ድንገት ጸጥ አለ። ሰው ሲናፈጥ ሰማ፤ ጉንፋን መሆን አለበት ብሎ አሰበ። ቀጥሎ ጭብጨባ መጣ፤ እንደዚህ የሚጨበጨበው ለሹፈት ነው። ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ብሎን ሲለቅም ታየው። ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ከተተው።

መቀስ በሩን ከፈተች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ይፈልጉሃል።»

«የእጅሽን ይስጥሽ» አላትና ገባ።

ከፈታኞቹ አንዱ ብድግ ብለው ኮሌታውን ያዝ አደረጉትና «ትንሽ ወደ ግራ» አሉት። ሌሎቹ እንደገና በሳቅ ፈረሱ። ዋና ፈታኟ ግን ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ቅጹን ይሞሉ ነበር።

«በከፍተኛ ማዕረግ አልፏል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዋና ተዋናይ በሚለው ላይ የአንተን ስም ሞልቻለሁ፤ ዳይሬክተሩን ማን ልበል?»