ጫፉ የማይወጋው መለኪያ

አድነው መለኪያውን ከከበሮው ጠባብ አፍ ላይ አሳርፎ ቁጥሩን ሊያነብ ሲያጎነብስ፣ የምድር ቤቱ በር ተከፍቶ ጎረቤቱ ወይዘሮ ኢንጋ ገቡ። ከጎን ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከትቬትስቱጋ፣ ልብሳቸውን አጥበው መውጣታቸው ነበር፤ ከረጢታቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ቀይ የሱፍ ቆባቸው እንደወትሮው ከራሳቸው አልወረደም።

"ዛሬም ትጠርባለህ?"

"ለኅዳር ጽዮን መድረስ አለበት። የቀረኝ አሥር ቀን ነው፤ ቄሶቹ ደግሞ ይሄኔ ያለቀ መስሏቸዋል።"

ስዊድኖች ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው የሚሉት። አድነው ግን እዚህ ዩልስታ ሰፈር በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ እኚህን አዛውንት ጎረቤቱን በልቡ አንቱ ሳይላቸው ቀርቶ አያውቅም።

"እስቲ ይሄን ይዩልኝ" ብሎ መለኪያውን አሳያቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር፣ ሎፒስ በሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ፣ ከአሮጌ ማንኪያና ከተሰነጠቀ ሳህን መሀል ነበር ያገኘው። ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ቆልማማ የብረት ክንዶች አሉት፤ መሀላቸው ላይ ቁጥር የተቀረጸበት ዘንግ ተጋድሟል። አድነው ሀያ ሁለት ዓመት በካሊፐር ብረት ሲለካ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነውና፣ የማያውቀው መለኪያ መኖሩን እንደ ስድብ ነው የቆጠረው። ያልጠየቀው ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ከፍያለው "የሐብሐብ መለኪያ ነው" ብሎ አሾፈበት። ሚስቱ ብርቅአየሁ ደግሞ ምንም ይሁን ምን ቤቴ አይገባም አለች።

እሱ አውጥቶ አውርዶ፣ የድሮ በርሜል ሠሪ መለኪያ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ለከበሮ እንደሆነ ልክክ ያለ ነው። አባቱ ከበሮ ሲጠርቡ በስንዝር ነበር የሚለኩት፤ አድነው ግን በስንዝር የተለካ ነገር አያምንም።

"አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም" አላቸው። "ጫፎቹን ይዩ፤ ድብልብል ናቸው። ለእንጨት ቢሆን ሹል ይሆን ነበር፣ ለብረትም እንደዚያው። ይሄ ምኑን እንዳይወጋ ነው?"

ኢንጋ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጡት።

"እኛን" አሉ። "እኛን እንዳይወጋን ነው።"

አድነው አልገባውም። በርጩማውን ሳበላቸው፤ አልተቀመጡም።

"ወላጆቼ ሰሜን፣ አጋዘን የሚያረቡ ሳሚዎች እንደነበሩ ነግሬህ የለም? በእኛ አቆጣጠር በአሥራ ዘጠኝ ሠላሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤታችን መጡ። ቆባችንን አስወልቀው አሰለፉን። ዘራችን ከእነሱ ዘር ማነሱን በራስ ቅላችን ሊያውቁ ነው። ይሄን እዚህና እዚህ አደረጉብኝ።" ሁለቱን ጣቶቻቸውን ጆሯቸው አጠገብ ግራና ቀኝ ነኩ። "ብረቱ ይቀዘቅዝ ነበር። አንደኛው ቁጥር ይጠራል፣ ሌላኛው ይጽፋል።"

መለኪያው አድነው እጅ ላይ ከበደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየወለወለ፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሲያሳየው መክረሙ ትዝ አለውና አፈረ። የእኔን ራስ ቢያገኙ ኖሮስ ምን ይጽፉ ነበር? ብሎ አሰበ።

"አሁኑኑ እሰብረዋለሁ።"

"ቆይ" አሉት። "ቁጥሩን የጠሩት በስዊድንኛ ነው። እኔ ያኔ ስዊድንኛ ገና አልተማርኩም። ስንት እንዳሉኝ ሳላውቅ ይኸው ሰባ ዓመት አለፈ።" ቆባቸውን አውልቀው ከከበሮው አጠገብ አኖሩት። አድነው ራሳቸውን ገልጠው ሲያያቸው የመጀመሪያው ነው፤ ሽበታቸው ሳስቶ ቆዳቸው ይታያል። "ለካኝ።"

"ያኔ ልጅ ነበሩ። አሁን ቁጥሩ ሌላ ነው የሚሆነው።"

"እሱማ አውቃለሁ። ለካኝ።"

"እጄ እሺ አይለኝም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ኢንጋ መለኪያውን ከእጁ ወሰዱ። በገዛ እጃቸው ክንዶቹን ከፍተው ግራና ቀኝ ከራሳቸው ላይ ገጠሙ። ከዚያ ተረከዛቸውን አጋጥመው፣ ወገባቸውን አቅንተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ።

"አንብበው።"

አድነው መነጽሩን አደረገ። ዋሽተህ ገላግላቸው አለው ልቡ። ግን ምን ብሎ ይዋሻል? የትኛው ቁጥር ነው ደጉ?

"አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ከሦስት" አለ፣ በስዊድንኛ፣ ቀስ ብሎ።

"አሥራ አምስት ከሦስት" ብለው ደገሙት። ዓይናቸውን ገለጡ። "ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ለዚህ ነው?"

አድነው መለኪያውን ተቀብሏቸው ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቆባቸውን በሁለት እጁ አነሳ። እጃቸውን ሲዘረጉ እሱው ራሱ አጠለቀላቸው፣ ጆሯቸውንም ሸፈነላቸው። ከረጢታቸውን ይዞ እስከ ሊፍቱ ሸኛቸው።

ሲመለስ መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ክንዶቹን እንደከፈተ ነበር። ከዚያች ከአሥራ አምስት ከሦስት አልነቀነቀውም። በጨርቅ ጠቅልሎ ከመደርደሪያው ሥር ከተተው። ከበሮው አሁንም አልተለካም፤ ኅዳር ጽዮን ደግሞ አይጠብቅም።

አውራ ጣቱን ከከበሮው አፍ ዳር አሳረፈና መዳፉን እንደ አባቱ ዘረጋ። እንጨቱ አይቀዘቅዝም ነበር።