የፔዳሉ ጎማ

የመኪና መንዳት አስተማሪው የአንዲት ነርስን መኪና ሁለት ጊዜ ዞሮ እንከን አጣላት፤ ያልተዋጠለትም ይኸው ነበር። ከአጠገቧ የእሱ አሮጌ ትንሽ መኪና ቆማለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ለማጅ ሲያንገላታት የኖረች። ሊለዋወጡ ነው፣ እሱ ጭማሪ ከፍሎ። "የእኔዋ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጋሼ" አለች ነርሷ። "ከቤቴ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤቴ። ሌላ መንገድ አታውቅም።" የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ቃሏን ደገፈላት።

እሱ ግን ቆጣሪን የሚያስዋሽ ሞልቷል፣ የእግርን ሥራ የማይደብቅ ፔዳል ብቻ ነው ባይ ነበር። በሩን ከፍቶ ተንበረከከና የፍሬኑን ፔዳል ጎማ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። መስመሮቹ ጥልቅ ናቸው፤ እግር የነካቸው አይመስሉም። ጠጋ ብሎ አሸተተው። ስምንት ዓመት የተረገጠ ጎማ እንዲህ አይሸትም። ሽታውን በደንብ ያውቀዋል፤ ትናንት የለማጅ እግር መላጣ ያደረገውን የራሱን ፔዳል አዲስ ጎማ ሲያለብስ እጁ ላይ የቀረው ይኸው ሽታ ነው። በሳሙና ሁለቴ ታጥቦም አልለቀቀውም።

"አንቺ ልጅ፣ እኔን ልታሞኚኝ ነው?" ሊላት ቀና ሲል ከቆመችበት አጣት። የአሮጌዋ መኪና በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነርሷ እዚያ ተንበርክካ አፍንጫዋን ፔዳሉ ላይ ደፍታለች። ቀስ ብላ ተነሣችና አውራ ጣቷን በነጭ ጋዋኗ ጠረገች።

"ጋሼ" አለች፣ "እርስዎም ከጥግ ካለው ሱቅ ነው የገዙት?"