ፊደል አስቆጣሪው አውራ ዶሮ

የደብረ ታቦር ኮረኮንች ከነባጃጁ ሲንጠው የዋለው ጥላዬ፣ ጥርሶቹ ቦታ የተለዋወጡ እስኪመስለው ደክሞት መደቡ ላይ ጋደም አለ። ልጁ ሰላማዊት ታብሌቱን ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። አስተማሪዋ ያዘዙትን የሂሳብ አፕ እንዳይጭኑበት፣ የታብሌቱ ሆድ እንደ ፋሲካ እንግዳ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንዱ ጨዋታ መውጣት ነበረበት።

«ፊደሉን ጨርሰሽ የለ? ይሄ ፊደል አስቆጣሪ አውራ ዶሮ ይታረድና ቦታ ይልቀቅ» አለ፣ ሊያጠፋው ጣቱን ዘርግቶ።

«አይሆንም አባዬ! ታዲያ ማን ጎበዝ ይለኛል?»

«እኔ አለሁልሽ አይደል?»

«አንተማ እንደመጣህ ትተኛለህ።»

የጥላዬ ጣት አየር ላይ ቀረ። «ጎበዝ» አላት፣ እያዛጋ።

ሰላማዊት ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ዶሮው «ጎበዝ» ማለቱን እንዲደግምላት ምንቃሩን እንደምትጫነው ሁሉ፣ የአባቷን አፍንጫ በጣቷ ጫን አደረገችው።