የጭረቱ ቀለም

«አይንኩት!» አለ ከኢንሹራንስ የመጣው ጉዳት ገማች፣ ባልየው ጭረቱን በመዳፉ ሊያብስ እጁን ሲሰድ።

ባልየው እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ። ሚስቱ ይህን አየች። ከጠዋት ጀምሮ የምታየው እሱን እንጂ መኪናውን አይደለም። ጭረቱማ ጭረት ነው፤ በቀኝ በኩል ከፊተኛው በር ተነስቶ እስከ ኋለኛው የተሳበ፣ ጣት የሚያህል መስመር። ጥቃቅን ጭረት የሚሸፍነውን ተጨማሪ ኢንሹራንስ የገባችውም ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ብላ ነው።

መኪናው በእሷ ስም ነው። ሆኖም ባሏ ነገሩን ብቻውን ሊጨርሰው ፈልጎ ነበር። ገማቹ ቤት ድረስ መጥቶ «የመኪናው ባለቤት ካልቆሙ አላይም» ባይል ኖሮ፣ እሷ ይሄኔ ሥራ ቦታዋ ቁጭ ብላ ምንም አታውቅም ነበር። ወንድ ልጅ ስለ አንድ ጭረት እንዲህ ከተጣደፈ፣ ነገር አለ።

«እስቲ ወንድሜ፣ እንደገና ይንገሩኝ» አለ ገማቹ ባልየውን።

«መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ አቁሜው ነው። ስወጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ሞተር ሳይክል ይመስለኛል።»

«ሞተር ሳይክሉን አይተውታል?»

«አላየሁም አልኩዎት እኮ ጋሼ!»

«አላሉኝም» አለ ገማቹ።

ሲጠይቅ ዓይኑን ከመኪናው አይነቅልም። ሰው ሁሉ ይዋሻል ብሎ ሥራ የጀመረና እስከ ዛሬ ያልተሳሳተ ይመስላል። ሚስት ወደደችው።

እሷም የራሷ ምርመራ ላይ ናት። ሰሞኑን ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ «ጎማ ላስነፋ» እያለ ይወጣል። ጎማ ለማስነፋት ግማሽ ቀን! ባለፈው እሑድ ደግሞ ጋቢና ስትገባ እግሯ አየር ላይ ቀረ። መቀመጫው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ መደገፊያው ተንጋሏል። እሷ አጭር ናት፤ ሁልጊዜ ወደፊት አስጠግታ ነው የምትቀመጠው። ስለዚህ እዚህ የተቀመጠችው ሴትዮ ረጅም ናት። ረጅም፣ ቅልጥማም፣ በሰው መኪና ተንጋላ መሄድ የምትወድ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመንገድ ያለፈች ረጅም ሴት ሁሉ ደሟን ታፈላዋለች።

ገማቹ ከቦርሳው ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ነጭ ጨርቅ በቲነር አርሶ የመስመሩን ጫፍ ፈተግ ፈተግ አደረገው። የቲነሩ ሽታ አፍንጫቸውን ሰነፈጣቸው። በተፈተገበት ቦታ መስመሩ ጠፍቶ የመኪናው ብርማ ቀለም ብቅ አለ፤ ጨርቁ ግን ቀለም ይዞ ተነሳ።

«ሞተር ሳይክል አይደለም» አለ ገማቹ። «ይሄ የግቢ በር ቀለም ነው፣ በእጅ ብሩሽ የተቀባ። በጠባብ በር ሲገቡ አፋትገውት ነው።»

«የማን ግቢ?» አለች ሚስት።

«ቆይ፣ እቤት እንነጋገራለን።»

«እቤት ነው እኮ ያለነው!»

ገማቹ ጉሮሮውን ጠረገ። «በር ነካሁ ቢሉ ኖሮ ይከፈል ነበር። ውሸት ከገባበት ግን አይከፈልም።»

«ይቅር» አለ ባልየው። «አልጠይቅም። ትቼዋለሁ።»

እውነቱን ከመናገር መክሰር የሚሻለው ከሆነ፣ እውነቱ ምን ቢሆን ነው? ጨርቁን ከገማቹ እጅ መንጭቃ ወሰደች። ቢያንስ የሴትዮዋን በር ቀለም ትወቀው።

አየችው። አረንጓዴ ነው እንዳይባል ቡናማ ገብቶበታል፤ ቡናማ ነው እንዳይባል ወደ ቢጫ ያደላል። ይህን ቀለም የሚሸጥ ሱቅ የለም። ይህን ቀለም የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀለም ቀቢው አባቷ። ከየሰው ቤት የተረፈውን ሁሉ በአንድ ቆርቆሮ ደባልቆ የራሱን በር ይቀባል። ልጅ ሳለች የሰፈር ልጆች «የጎመን በር» እያሉ አስለቅሰዋታል።

አባቷ «ይሄን ሰው ካገባሽ በበሬ እንዳታልፊ» ብሏት ሠርጓ ላይ ሳይገኝ ቀርቷል። እሷም በእልህ እሱን ነው የወጣችው። አላለፈችም።

ግን ትልቁ በር እኮ ተከፍቶ አያውቅም። ለጠያቂ ትንሿ በር ትበቃለች፤ መኪና ያለው ሰፊው መንገድ ላይ አቁሞ ይገባል። መኪና ደጃፉ ድረስ የሚገባው፣ እስከ መንገዱ መራመድ የማይችል ሰው ካለ ብቻ ነው። እንደ አባቷ ያለ ረጅም ሰው። እግሩን ማጠፍ የማይችል።

«እግሩ ነው?» አለች።

ባሏ አንገቱን ደፋ። «ጉልበታቸው። ከመሰላል ወድቀው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐኪም ቤት አደርሳቸዋለሁ።»

«እና አትነግረኝም?»

«እንዳልነግርሽ አስምለውኛል።»

«ከአንተ ጋር ያወራል?»

«ኧረ የት አውርተው! ይሰድቡኛል። ‹መሪ እንኳን መያዝ አታውቅም፣ ልጄን ይዘህ የት ልትደርስ ነው› እያሉ ሲሰድቡኝ ነው በሩን የነካሁት።»

መሳቅም ማልቀስም መጣባት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም ግራ ገባት። ገማቹ ወደ ጎን ዞሮ የጠርሙሱን ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ ቆየ።

«እንግዲህ» አለ በመጨረሻ፣ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ አውጥቶ፣ «ከሥሩ ብዙም አልተጎዳም። ቀሪውን በነፃ ላጥፋላችሁ?»

«አይንኩት!» አለች።

የጋቢናውን በር ከፍታ ገባች። እግሯ አየር ላይ ቀረ፤ ከፊቷ ያለው ባዶ ቦታ የአንድ ረጅም፣ የማይታጠፍ እግር ቦታ ነው። መቀመጫውን ወደፊት አልሳበችውም።

«ወደ ጎመኑ በር ንዳ» አለችው።